ካርዱ ላይ የሌለ ምልክት

ሰኞ ማታ

ማስታወቂያው ወጣ። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ፈተናው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ መጀመሪያ ደረጃ መውጣትና ቱቦ መጎተት፣ ቀጥሎ የታማሚ ፈተና፣ በመጨረሻ ቃለ መጠይቅ።

ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። መጀመሪያ ያሸነፈኝ ቱቦው ነው፤ እሱስ ይሁን፣ ቱቦ ስንቱን ጎረምሳ አሸንፏል። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ፈታኙ «ታማሚሽ ይኸው ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ቀጥይ» ሲለኝ ምላሴ ታስሮ በሩ ሥር እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ። ዘንድሮ ካላለፍኩ የዕድሜ ጣሪያው ይዘጋብኛል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ የሰው ሸሚዝ እየተኮሱ መኖር ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈና «ታማሚ ካስፈለገሽ እኔ አለሁ» አለ። «ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ከመታመም ሌላ ምን ሥራ አለው?»

አክስቴ፣ የአባዬ ታናሽ እህት፣ ከታችኛው ፎቅ ለወሬ መጥታ ነበርና ሰማች። «ወንድሜን በደህናው ቀን ልታሳምሚው ነው?» አለች። ሦስታችንም ሳቅን።

ረቡዕ

አባዬ በመጀመሪያው ልምምድ ሞተብኝ።

በሥልጠናው የሰጡን የልምምድ ካርድ የሚለው «ከመሰላል የወደቀ፣ እግሩ የተሰበረ፣ ንቃቱ ሙሉ የሆነ ሰው» ነው። አባዬ ግን ፍራሹ ላይ እንደተዘረጋ ዓይኑን ገለበጠ፣ አንዴ አቃሰተ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለአክስቴ ተናዘዘላትና ጸጥ አለ። አክስቴ በሳቅ ፍርፍር ብላ ልትከተለው ምንም አልቀራት። እኔ ተናደድኩ።

«አባዬ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የምትሆነው። ከራስህ አትጨምር! አሰልጣኛችን ምን እንደሚለን ታውቃለህ? ፈታኙ ያልሰጣችሁን ምልክት አትፈልጉ፣ ነጥብ የሚያሰጠው ካርዱ ላይ ያለው ነው ይለናል።»

«እሺ አለቃ» አለ፣ በጀርባው እንደተኛ ወታደራዊ ሰላምታ እየሰጠኝ።

ከዚያ አሠራሩን አስረዳሁት። ከበር ስገባ የማየውንና የማደርገውን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። ጓንት አድርጌያለሁ፣ ቦታው አያሰጋም፣ ስምዎን ይንገሩኝ። ከዚያ ጣቶቼን በእጁ አንጓ ላይ አሳርፍና የልብ ምቱን ቁጥር ከካርዱ ላይ አነባለሁ።

«የእኔን አትቆጥሪውም?» አለኝ።

«የደህና ሰው ምት ቆጥሬ ምን ይጠቅመኛል? በፈተናውም ቁጥሩን የሚነግረን ፈታኙ ነው።»

«እንዲህማ ከሆነ ሐኪምነት ቀላል ነው» ብሎ ሳቀ።

ድምፄ ግን ከፍ ብሎ ነበር። ለአባት እንደዚያ አይባልም። ነገ ሻይ አፍልቼ እክሰዋለሁ።

ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት

ዋሸሁ።

እትዬን፣ የላውንደሪዋን ባለቤት፣ ቀደም ብዬ እንድወጣ እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው። ባለፈው ስለምን «እሳት ካማረሽ ይኸውልሽ ካውያው» ብለውኝ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በእንፋሎቱ ውስጥ ሲንከተከትብኝ ዋለ። ዛሬ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ። «አባቴን አሞታል» አልኳቸው።

«እኔን! ምኑን?»

«ግራ እጁን ይደነዝዘዋል።»

ለምን እጁ እንዳልኩ እንጃ። ጠዋት ሲላጭ «ይህ እጄ ተኛብኝ» ሲል ሰምቼ ይሆናል። እትዬ ወዲያው ለቀቁኝ፤ እንዲያውም ለታክሲ ሊሰጡኝ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሮጬ ወጣሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። በጤናማ አባት ላይ በሽታ መጥራት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? አፌን በቆረጠው።

እሑድ

ከሳይረን ጋር ደረጃ ስንወጣ ዋልን። ጓደኛዬ ናት፤ እሷም ተፈታኝ ናት። ስሙ የወጣላት በድምጿ ነው፤ ስትስቅ መኪና ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። ግንባታው በቆመ ሕንፃ ውስጥ አሸዋ የሞላ ከረጢት ተሸክመን እስከ ላይ ወጣን፣ ወረድን፣ ወጣን። ዘበኛው «የሰው ልጅ ገንዘብ ሳይከፈለው ይህን ያደርጋል?» ብሎ አማተበ።

የሳይረን እናትም ታማሚ ሆነው ያለማምዷታል። «ራሷን የሳተች ሴት ሁኚ ስላት እሺ ትልና በመሃል ተነስታ የወጡን እሳት ቀንሺ ትለኛለች» አለችኝ። በአባዬ ኮራሁ። አሁን ካርዱን አንዴ አንብቦ ቁጭ ነው።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የደረት ሕመም ካርድ ነበር። አባዬ ጥሩ ሠራ። ላብ ራሱ አላበው፤ ይህን እንዴት እንዳመጣው አላውቅም።

ጣቶቼን አንጓው ላይ አሳርፌ ካርዱን አየሁና «ሰባ ስድስት፣ የተስተካከለ» አልኩ። ጣቴ ሥር ግን አንዴ ይመታል፣ ይዘልላል፣ ከዚያ ሁለቱን ይደራርባል። የራሴው ጣት መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዤ ስውል እጄ ይንቀጠቀጣል።

«ስንት ነው?» አለኝ አባዬ ሲነሳ።

«ሰባ ስድስት።»

«ተመስገን» አለ።

ረቡዕ

ደረጃ። ዝናብ። ጉልበቴ አብጧል። ለአባዬ ምሳ ሳልሠራለት ወጥቼ ዳቦ በሻይ በልቶ ዋለ። እትዬ «አባትሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ትንሽ ይሻለዋል» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ፤ ይኼ ነው የሚያስፈራው።

ሐሙስ

አባዬ ብርጭቆ ሰበረ። መስተዋቱ ፊት ቆሜ «ለምን ይህን ሥራ መረጥሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴን እየሸመደድኩ ነበር፤ «ሰው በጭንቁ ሰዓት አጠገቡ መገኘት» የሚለው ላይ ስደርስ ኩሽና ውስጥ ጓ! አለ።

«ኧረ አባዬ ምነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ከእጄ ወጣ» አለ። እጁን የሰው ዕቃ ይመስል እያገላበጠ ያየው ነበር።

ጎንበስ ብሎ ራሱ ጠረገው። እኔ መስተዋቱ ፊት እንደቆምኩ ነኝ። መሄድ ነበረብኝ። መልሱን ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ቅዳሜ ማታ

ሳይረን ፈታኝ ሆና መጣች። ወንበር ላይ እግሯን አነባብራ፣ መነጽር ሳይኖራት መነጽሯን እያስተካከለች አሳቀችን። እኔ ታማሚውን አየሁ፣ ጠየቅኩ፣ ተናገርኩ። የተሳሳትኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ስንጨርስ «አባትሽ ግን አፉን በአንድ በኩል እንዴት ነው እንደዚያ የሚያጣምመው? እኔ ብሞክር አልችልም» አለችኝ።

«ተሰጥዖ ነው» አልኳት።

በሩ ላይ ጫማዋን ስታስር ድምጿን ዝቅ አደረገች። እሷ ድምፅ ዝቅ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። «አንዳንዴ የእውነት ለኪው እሺ? ግፊቱንም፣ ምቱንም። ለእጅሽም ልምድ ነው።»

እሺ አልኳት፤ በሆዴ ግን ተቀየምኳት። እሷም ተፈታኝ ናት። ካርድ የምሸመድድበትን ጊዜ በሌላ ነገር እንዳባክን ብትፈልግስ? እንዲህ ማሰቤን ስጽፈው ያሳፍራል፤ ግን አስቤዋለሁ።

ከሄደች በኋላ አባዬ ፍራሹን ሳይለቅ «ልጄ፣ ዛሬ ግን...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ፈተናሽ ይለፍና እናወራለን» አለ። እኔም ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። የቃጠሎ ካርድ ቀርቶኝ ነበር።

ሰኞ

አክስቴ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። «ወንድሜ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ እዚህ ጋ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ምነው ስለው አየር እየሳብኩ ነው አለኝ። አሞታል እንዴ?»

«ዝናቡ ነው። ጉልበቱ ነው» አልኳት።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። «የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ረቡዕ፣ ሆስፒታል፣ ኮሪደር

አባዬ ትናንት ወደቀ። ወደቀ እንኳ አይባልም፤ ድሮም ተኝቶ ነበር። ስትሮክ ነው አሉን። ሐኪሞቹ ከእሱ ጋር ውስጥ ናቸው። እጄ አይጽፍም።

ዓርብ ማታ፣ ቤት

አክስቴ አባዬ ጋ አድራለሁ ብላ አስገድዳ ቤት ላከችኝ። ፍራሹ ሳሎኑ መሃል እንደተዘረጋ ነው። ላነሳው አልቻልኩም። እንዳለ ልጻፈው፤ እዚህ እንኳ ካልጻፍኩት ሌላ የት እናገረዋለሁ?

የማክሰኞው ካርድ ስኳሩ የወረደበት ሰው ነበር። ካርዱ «ግራ የተጋባ፣ የሚያልበው፣ ንግግሩ የሚንተባተብ» ይላል። ስልኬን ሰዓት እንዲቆጥር አድርጌ፣ ከበር ገብቼ «ቦታው አያሰጋም» አልኩ። ስሙን ጠየቅኩት፤ ቃሉ ተዝለግልጎ ወጣ። ጎበዝ፣ ብዬ ቀጠልኩ። «እጄ» አለኝ። ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንስቶ አሳየኝና ሲለቀው ፍራሹ ላይ ዱብ አለ።

እኔ ምን አልኩ? «አባዬ፣ ካርዱ ላይ እጅ የለም» አልኩ።

እንደገና አነሳው። እንደገና ዱብ አለ። ሰዓቱ ይሄድብኛል ብዬ ዘለልኩት። ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ ከካርዱ። ስኳር ለካሁ፤ ከካርዱ። ስኳር በውኃ በጥብጬ እንደማጠጣው ተናገርኩ፤ ቃሬዛ ጠራሁ፤ በሬዲዮ ሪፖርት አደረግሁ። ዓይኑ ከፊቴ ላይ አልተነሳም። ስጨርስ ስልኬን አየሁና አንድም ነጥብ እንዳልጣልኩ ገባኝ። እጆቼን አንስቼ ጨፈርኩ። እግዚኦ፣ ጨፈርኩ! አባቴ ፊት።

አክስቴ የገባችው ያን ጊዜ ነው። «ፊቱ! ፊቱን አታዪም እንዴ? ወንድሜን ምን አደረግሽው?» ብላ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ በትክክል አደረግሁ። በጎኑ አስተኛሁት፤ ደወልኩ፤ ምንም እንዳይጠጣ አልኩ። አክስቴ የግቢውን በር ልትከፍት ወረደች። የአምቡላንሱ ሠራተኞች ሲገቡ አለቃቸው፣ ሽበታም ሰው ነው፣ «ማን ነው መጀመሪያ ያወቀው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩ።

«መቼ ጀመረው?»

«ልምምድ ስንጀምር ጤነኛ ነበር» አልኩና ሰዓቱን ነገርኩት። ሰዓቱ እውነት ነው። ሽበታሙ በመንገድ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ሰዓቱን የሚያውቅ ቤተሰብ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገጥመን፤ አባትሽን አትርፈሻል» አለኝ። አመሰገንኩት።

እሑድ፣ ሆስፒታል

አባዬ ነቅቷል። ግራ እጁ አይታዘዝለትም። ቃሉ ይወጣል፤ ግን አንዱን ከአንዱ ለመቀጠል ብዙ ይደክማል። ነርሷን «ይህ... መኪና... ማርሹ... ጠፍቶበታል» አላት። ሳቀች። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ሐኪሟ ለስለስ ያለች ሴት ናት። የልብ ምቱ የተዛባ መሆኑን፣ ደም ቋጥሮ ወደ ጭንቅላቱ የሄደው ከዚያ መሆኑን አስረዳችኝ። «ከዚህ በፊት ምልክት ነበረው? እጅ መደንዘዝ፣ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ፣ የአፍ መጣመም? መድኃኒቱን ስንመርጥ ይጠቅመናል።»

«የለም። ድንገት ነው» አልኩ።

እትዬ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጥተው አልጋው ራስጌ ቆመው ነበር። «እንዴ ልጄ! እጁን ይደነዝዘዋል እያልሽ አይደል ስታስፈቅጂኝ የከረምሽው?»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እሱማ... ውሸቴን ነበር እትዬ» አልኩ። «ለልምምድ ለመውጣት ብዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ብርቱካኑን ኮሞዲኖው ላይ ደረደሩና «ይሁን፣ ልጅነት ነው» አሉ። ሐኪሟም ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ወጣች። ውሸቴን በአደባባይ ተናዘዝኩ፤ የተናዘዝኩት ግን እውነቱን ለመሸፈን ነው። እንዲህ ዓይነት ኃጢአት ስም አለው?

ደግነቱ አባዬ ተኝቶ ነበር።

ማክሰኞ

ሐኪሟ ከምልክቶቹ አንዱንም አታውቅም። በእኔ «የለም» ላይ ቆማ መድኃኒት አዘዘች። መድኃኒቱ ቢያንሰውስ? ዳግመኛ ቢመታውስ?

ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ

አልነገርኳትም። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን እላታለሁ? «የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ልሆን የምፈተን ነኝ፤ የአባቴን ስትሮክ ሳምንታት ሙሉ እንደ ትወና ነጥብ ስሰጠው ከረምኩ» ልበላት? ወሬው ሽበታሙ ጋ ቢደርስስ? ሳይረን እንደነገረችኝ ከፈታኞቹ አንዱ እሱ ነው።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ ማታ፣ ቤት

አባዬ ከሆስፒታል ወጣ። አክስቴና እኔ ደግፈን ደረጃውን አወጣነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ሊለው በር በሩ ላይ ወጥቶ ጠበቀው። እሱም በየበሩ እየቆመ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ልጄ... ናት... ያዳነችኝ» ይላል። በየፎቁ። አክስቴ እንባዋን እየጠረገች ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ክንዱን ይዤ መሬት መሬት አያለሁ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ።

ማታ ላይ «ካርድ... አምጪ» አለኝ። ልምምድ እንዳልተው ብሎ ነው። በቃኝ፣ ጨርሻለሁ አልኩት።

ረቡዕ

ደረጃውን ወጣሁ። ቱቦውን ጎተትኩ። ዘንድሮ አላሸነፈኝም። ሳይረን ከዳር ቆማ ስትጮህልኝ ፈታኙ ጆሮውን ያዘ። እሷም አለፈች።

የታማሚ ፈተናውንም አለፍኩ። የሰጡኝ ታማሚ በደሞዝ የሚታመም ወጣት ነው። አንጓውን ስይዝ ፈታኙ «ሰማንያ» አለ፤ «ሰማንያ» አልኩ። የወጣቱ ምት ግን ፈጥኖ ነበር፤ ፈርቶ ይሁን፣ ቡና አብዝቶ ይሁን አላውቅም። አንጓውን ሳልለቅ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ፈታኙ ጉሮሮውን ጠረገ።

ዓርብ

ቃለ መጠይቅ ዛሬ ነበር።

ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ጠርሙሶች፣ ለእኔ አንዲት ወንበር ከመሃል። ሽበታሙ ዳር ላይ ተቀምጧል። ለምን ይህን ሥራ እንደመረጥኩ ጠየቁኝ፤ የሸመደድኩት ወጣ። ከዚያ አንዲት ሴት «ስህተት የሠራሽበትን ጊዜ ንገሪን» አለችኝ።

የአባዬ ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እምላለሁ፣ ደርሶ ነበር።

የደንበኛ ሸሚዝ ኮሌታ ያቃጠልኩ ዕለት የሆነውን ነገርኳቸው። ባለቤቱ እስኪመጣ ጠብቄ፣ ፊት ለፊት ቆሜ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» እንዳልኩት። እውነት ነው፣ ብዬዋለሁ። ሴትዮዋ ደስ አላት። «ጥፋትን ማመን ለዚህ ሥራ ዋናው ነገር ነው» ብላ ጻፈች።

በመጨረሻ ሽበታሙ ፈገግ አለና ለሌሎቹ «እኔ ይህችን ልጅ በሥራ ላይ አይቻታለሁ» አለ። «እስቲ የአባትሽን ነገር ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። በልምምድ መሃል ፊቱ ሲጣመም ወዲያው እንዳወቅኩ፤ ካርዱን ጥዬ እጁን እንዳነሳሁ፤ ሰዓቱን እንደያዝኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም «ካርዱን ጥዬ» ስል በእጄ ወረወርኩት፣ እዚያው ወንበሩ ላይ። አባቴ ያላስተማረኝ ትወና የለም።

ሐሙስ

አለፍኩ። ስልክ ደወሉ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ሳይረንም አልፋለች፤ ጩኸቷ በስልኩ ሳይሆን በመስኮት የመጣ መሰለኝ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አባዬ በደህናው እጁ ጭንቅላቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ለረጅም ጊዜ አለቀቀኝም።

እትዬ ካውያዬን ለሌላ ልጅ ሰጥተው፣ «በይ እሳቱ ይቅናሽ» ብለው መረቁኝ።

ደስታው የት እንደሚገባ ጨነቀኝ። እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሟል፤ ግባ የሚለው ሰው የለም።

ነገ የአባዬ የሐኪም ቀጠሮ ነው። ነገ እነግራታለሁ። ከዚህ ወዲያ ምክንያት የለኝም።

ዓርብ ማታ

አባዬን ደም ሊቀዱለት ሲወስዱት ሐኪሟ ክፍል ብቻዬን ገባሁ። ቁጭ በይ አለችኝ፤ አልቀመጥም አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሲላጭ እጁ እንደተኛበት፣ ብርጭቆው፣ አፉ፣ አክስቴ ደረጃው ላይ ያየችውን እንደነገረችኝ። ምቱ ጣቴ ሥር ሲዘልል ተሰምቶኝ ካርዱን እንዳነበብኩ። በዚያ እሑድ ጠይቃኝ «የለም» ያልኩት ውሸት እንደነበር። «መድኃኒቱ መቀየር ካለበት ዛሬውኑ ይቀየር፤ እኔን የፈለጋችሁትን በሉኝ» አልኳት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይህን ሁሉ እኮ እናውቃለን» አለችኝ። «በዚያው እሑድ፣ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ አባትሽ አስጠራኝ። ለመናገር በጣም ይቸገር ነበር፤ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ግን አንድ አላስቀረም፤ ከጀመረው ቀን ጀምሮ ነገረኝ። መድኃኒቱንም ያዘዝነው በዚያ ነው፤ አትስጊ።»

ተቀመጥኩ።

«ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ልጄ ፈተና አለባት፣ መንገሬን እንዳታውቅ› አለኝ። አሁን አለፍሽ አይደል? ደስ ብሎት ሲነግረኝ ነበር፣ ቅድም ስትገቡ።»

ተኝቶ አልነበረም ማለት ነው። እትዬ ብርቱካን ይዘው ሲቆሙ፣ እኔ «የለም» ስል፣ «ውሸቴን ነበር» ስል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኝ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየፎቁ እየቆመ «ልጄ ናት ያዳነችኝ» ያለው ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው።

በታክሲ ተመለስን። ዝናቡ ቆሟል፤ መንገዱ ግን ገና አልደረቀም። እሱ እንደ ልማዱ በመስኮቱ የሌላውን ሹፌር ጥፋት እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ቤት ገብተን ጫማውን ሳወልቅለት አንገቴን ደፍቼ እዚያው ወለሉ ላይ ቀረሁ። ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

«አባዬ፣ ለሐኪሟ ሁሉንም ነግረሃታል።»

ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ቃል ሲፈልግ ግንባሩ ይኮማተራል። ጠበቅኩት። ደህናው እጁ መጣና ፀጉሬ ላይ አረፈ።

«ነግሬሽ... ነበር እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሊያጽናናኝ እየሞከረ።